አንድ ብረት፣ ብዙ ቁጥር

በሰፈር ጂም ግድግዳ ላይ በካርቶን ተጽፎ የሚለጠፍ የሥልጠና ሰሌዳ ለአላፊ አግዳሚው የቁጥር ክምር ነው። «5 ዙር፣ 3–5» ይላል። ከሥሩ «3 ዙር፣ 8–12»፣ ከጎኑ ደግሞ «ዕረፍት 3 ደቂቃ»። ለሚያውቅ ዐይን ግን በደንብ የወጣ ሰሌዳ ከማንኛውም የእጅ ሙያ አያንስም። ክብደቱ ድግግሞሹን ይወስናል፤ ድግግሞሹ ዙሩን፣ ዙሩ ዕረፍቱን፣ ዕረፍቱ ደግሞ ለቀጣዩ ዙር የሚተርፈውን ጉልበት። አንዱ ቁጥር ሲነካ ሌላው ይናጋል። ይህን ሙያ አጥርቶ ለማየት ዕቃ ከሞላበት ጂም ይልቅ አንድ ብረት ብቻ ያለበት ግቢ ይሻላል፤ ዕቃ ሲያንስ የሠሪው ብልሃት የሚደበቅበት የለምና።

አሶሳ ለዚህ ጥሩ ቦታ ናት። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የፋብሪካ ብረት ከነሙሉ ክብደቶቹ ገዝቶ እስከዚያ ማጓጓዝ ለአንድ ወጣት ኪስ ከባድ ነው። መፍትሔው በአገራችን ከተሞች ሁሉ የሚታወቀው ነው፤ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ሁለት ባዶ ጣሳ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር።

መጀመሪያ ብረቱን ራሱን እንይ። ጥሩ የሲሚንቶ ብረት የሚታወቀው ከመሬት ሲነሳ ነው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያጋድልም። ለዚህ የሁለቱ ጣሳዎች እኩል መሆን ብቻ አይበቃም። ድብልቁ አንድ ላይ ተቦክቶ ለሁለቱም መከፈል አለበት፤ ለየብቻ ከተቦካ አንዱ ውሃ ይበዛበትና ቀላልና ደካማ ይሆናል። ኮንክሪት በሊትር 2.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ባለ 4 ሊትር የቀለም ጣሳ ሲሞላ ከ9 ኪሎ ተኩል ያልፋል። የሚፈልገውን ክብደት የሚያውቅ ሠሪ ይህን አስቀድሞ አስልቶ ጣሳውን ይመርጣል። ቧንቧውን በጣሳው መሐል ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ኮንክሪት ውስጥ በሚቀበረው ጫፍ ላይ አጭር ብረት አስበይዶበት ከሆነ ቧንቧው በኋላ አይሽከረከርም፣ አይሾልክምም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። ኮንክሪት ለጥንካሬው 28 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ እርጥበቱ መጠበቅ አለበት። በአሶሳ የበጋ ፀሐይ ሳይሸፈንና ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ብረት ከጥቂት ወር በኋላ ከአፉ መፈርፈር ይጀምራል። ባለሙያው ግን እርጥብ ጆንያ ያለብሰዋል፤ ጠዋትና ማታ ያጠጣዋል።

ጭነትን በሁለት ጫፍ ማመዛዘን በዚህ ክልል የቆየ ዕውቀት ነው። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን እንደ ደጋ ሴቶች በጀርባቸው አያዝሉም፤ በትከሻ በሚያሳርፉት በትር ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። አንዱ ወገን ከከበደ በትሩ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጭነቱ ገና ከመነሳቱ በፊት በዐይንና በእጅ ተመዛዝኖ ያልቃል። ይህ የኑሮ ሸክም እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ስፖርት ነው ብሎ ማስጌጥ ድካማቸውን ማቃለል ይሆናል። ነገር ግን ክብደት በጉልበት ብቻ እንደማይነሳ፣ ከጉልበቱ በፊት ልኩን ማወቅ እንደሚቀድም፣ እነሱ ማንም ሰሌዳ ሳይጽፍላቸው በየቀኑ ያሳያሉ።

ወደ ብረቱ እንመለስ። የሲሚንቶ ብረት ክብደቱ አይቀየርም። የፋብሪካው ሲፈለግ ይጨመርበታል፣ ሲፈለግ ይቀነስለታል፤ ባለ 30 ኪሎው የሲሚንቶ ብረት ግን ዛሬም ከርሞም 30 ኪሎ ነው። ሰሌዳ አውጪው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ግድ የሌለው ሰው ለሁሉም እንቅስቃሴ «3 ዙር በ10» ብሎ ይጨርሳል። ሙያ ያለው ግን ያንኑ ብረት ከእንቅስቃሴ ወደ እንቅስቃሴ እያዞረ ይመዝነዋል። 30 ኪሎ ለአንድ ጀማሪ ወጣት ከትከሻ በላይ ሲገፋ ቢበዛ 5 ጊዜ ይሄድ ይሆናል። ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ ሲሳብ 15 ይደርሳል። በትከሻ ተይዞ ቁጭ ብድግ ሲባልበት ደግሞ 30ን ያልፋል። ብረቱ አንድ ነው፤ ለትከሻ ከባድ፣ ለጀርባ መካከለኛ፣ ለጭን ቀላል ሆነ። የድግግሞሽ ልክ ብረቱ ላይ ተጽፎ አይመጣም፤ በብረቱና በጡንቻው መካከል ተፈልጎ የሚገኝ ነው።

ስለዚህ ሰሌዳው እንዲህ ይወጣል። ከትከሻ በላይ መግፋት፦ 5 ዙር፣ 3–5። ወደ ሆድ መሳብ፦ 3 ዙር፣ 10–15። ቁጭ ብድግ፦ የኋላ እግር በርጩማ ላይ ተደርጎ በአንድ እግር፣ 3 ዙር፣ በየእግሩ 8–12። ፑሽ አፕ፦ 3 ዙር፣ ሁለት ድግግሞሽ ሲቀር ማቆም። ቀኖቹ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው፤ ዓርብ ለጁምዓ ነፃ ነው። የእንቅስቃሴው መስመር አራት ብቻ ነው፤ ግን እያንዳንዱ መስመር ቆም ብለው ሲያዩት ምክንያት አለው።

ቁጭ ብድጉ ለምን በአንድ እግር ሆነ? በሁለት እግር 30 እና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ጭኑ ከመድከሙ በፊት ትንፋሽ ያልቃል፤ ጡንቻው ሥራውን ሳይጨርስ ዙሩ ይቆማል። ሠሪው አንድ ኪሎ ሳይጨምር ክብደቱን ወደ አንድ እግር አዛወረውና 30 ኪሎው እንደገና ከባድ ሆነ። ይህ ከሰሌዳው ሁሉ የማደንቀው ውሳኔ ነው።

ትከሻው ለምን 5 ዙር፣ 3–5 ሆነ? ወጣቱ ብረቱን ቢበዛ 5 ጊዜ የሚገፋው ከሆነ፣ አንዴ ብቻ ሊገፋው ከሚችለው ትልቁ ክብደት 85 በመቶ ገደማ እያነሳ ነው። በዚህ ክብደት 3 ዙር በ10 መጻፍ የማይሆን ነገር መጻፍ ነው። የሶቪየት ኅብረት የክብደት ማንሳት አሰልጣኝ የነበረው ፕሪሌፒን ከታላላቅ አንሺዎች የሥልጠና መዝገብ ተነስቶ ያወጣው ዝነኛ ሠንጠረዥ ከ80 እስከ 89 በመቶ ላለው ክብደት በአንድ ዙር ከ2 እስከ 4 ድግግሞሽ፣ በጠቅላላው ደግሞ 15 ገደማ ይመክራል። ከታችኛው ቁጥር ሲጀመር 5 ጊዜ 3 ልክ 15 ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው ለኦሎምፒክ አንሺዎች ነው፤ ከትከሻ በላይ መግፋትም እስከ እ.ኤ.አ. 1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ድረስ ከውድድሩ እንቅስቃሴዎች አንዱ ነበር። ብዙ አጫጭር ዙር የሚጠቅመው እያንዳንዱ ግፊት ገና ትኩስ ባለ ጉልበት፣ በንጹሕ አኳኋን ስለሚሠራ ነው። ጥንካሬ እንደ ጡንቻ ሁሉ የነርቭ ልምድም ጉዳይ ነው፤ ነርቭ ደግሞ የሚማረው የተስተካከለውን ድግግሞሽ እንጂ የተንገዳገደውን አይደለም።

አሁን በ8 እና በ12 መካከል ያለችውን ጭረት እንይ። ጀማሪ ዐይን ይዘላታል፤ ሰሌዳውን በሕይወት የምታቆየው ግን እሷ ናት። አንድ ቁጥር ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ሰውየው በደከመበት ቀን ይወድቃል፣ በበረታበት ቀን ደግሞ ይታገዳል። ጭረቷ ለሁለቱም ቀን ቦታ ትሰጣለች። ከዚያም በላይ የዕድገት መንገድ ናት። 3 ዙር በ8 ማለት 24 ድግግሞሽ ነው፤ 3 ዙር በ12 ደግሞ 36። አንድ ኪሎ ሳይጨመር ሥራው በግማሽ አደገ። በየልምምዱ አንዲት ድግግሞሽ ብቻ ብትጨመር እንኳ ከ24 እስከ 36 አሥራ ሁለት እርምጃ አለ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ የአንድ ወር ሥራ ነው። ክብደቱ ለማይቀየር ብረት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ወጣቱ 12ን ሲያልፍስ? የጎረቤት ባለ 40 ኪሎ ብረት ይጠብቀዋል። ከ30 ወደ 40 መዝለል ግን ክብደቱን በሲሶ መጨመር ነው። አሜሪካዊው የጥንካሬ አሰልጣኝ ቦይድ ኤፕሊ ያወጣው ቀላል ቀመር እዚህ ይረዳል፤ ድግግሞሹን ለ30 ማካፈል፣ 1 መደመር፣ በክብደቱ ማባዛት። ውጤቱ ሰውየው አንዴ ብቻ ሊያነሳው የሚችለው ትልቁ ክብደት ግምት ነው። 40 ኪሎን 6 ጊዜ ለማንሳት ይህ ግምት 48 ኪሎ መድረስ አለበት፤ በ30 ኪሎ ብረት 48 የሚሆነው ሰውየው 18 ጊዜ ሲያነሳው ነው። ስለዚህ ሁለት ብረት ብቻ ባለበት ግቢ 8–12 የሚል መስመር ድልድዩን አያደርስም፤ ሠሪው 8–18 ብሎ ማስፋት አለበት። ድግግሞሹ ሲበዛ ቀመሩ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል፤ አቅጣጫ ለማሳየት ግን ይበቃል። ከመጽሐፍ የተቀዳ ልክና ለዚያ ግቢ ታስቦ የወጣ ልክ የሚለያዩት እንዲህ ነው።

ሌላው መንገድ ከዚህም ይቀላል። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በውሃ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ነው። በብረቱ ሁለት ጫፍ አንድ አንድ ከታሰረ 30 ኪሎው 31 ሆነ። 12 ጊዜ ያነሳ የነበረ ሰው በዚያው ቀመር 10 ወይም 11 ጊዜ ያነሳዋል፤ ዝላይ ቀርቶ እርምጃ ሆነ። ባለሙያው ገመዱን አሳጥሮ ሃይላንዱን አጥብቆ ያስረዋል፤ የሚወዛወዝ ክብደት ትከሻን ያጣምማልና። ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካንም ያው ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ በኪሎ የተከፋፈለ ሚዛን ማለት ነው። ጎደሎ ውሃ ግን ውስጥ ለውስጥ ይመታል፤ እሱን የማይፈልግ አሸዋ ይሞላበታል።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የድሃ ማካካሻ ነው፣ እውነተኛ ጡንቻ የሚገነባው በከባድ ብረት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ማስረጃው ግን ከግቢው ወጣት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልምድ ያላቸውን 49 ወንዶች ለ12 ሳምንት አሠለጠኑ። ግማሾቹ በቀላል ክብደት ከ20 እስከ 25፣ ግማሾቹ በከባድ ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ ሠሩ፤ ሁሉም ዙሩን የሚያቆሙት ከዚያ በላይ ማንሳት ሲያቅታቸው ነበር። በመጨረሻ የሁለቱ ወገኖች ጡንቻ ያደገው በተቀራራቢ መጠን ነው። ምክንያቱን ኤልውድ ሄንማን የተባለው የነርቭ ሊቅ ቀደም ብሎ አሳይቶታል። ሰውነት መጀመሪያ ትንንሾቹን የጡንቻ ክሮች ይጠራል፤ ሥራው ሲከብድ ወይም እነሱ ሲደክሙ ትልልቆቹን ያስከትላል። ቀላል ክብደትም እስከ ድካም ጫፍ ከተሠራበት ትልልቆቹን ክሮች ከቤታቸው ያስወጣል።

ጥንካሬ ግን ሌላ ፍርድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ አንዱን ወገን 7 ዙር በ3፣ ሌላውን 3 ዙር በ10 አሠርተው ለኩ። የተነሳው ጠቅላላ ክብደት ተመጣጣኝ ስለነበር ጡንቻቸው እኩል አደገ፤ በጥንካሬ ግን በ3 የሠሩት በለጡ። ዋጋም ከፈሉ፤ አንድ ልምምድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈጅባቸው የሌሎቹ ከ20 ደቂቃ በታች አለቀ። የሰሌዳችን አሠራር አሁን ይበልጥ ይገባናል። ከባዱንና ጊዜ ፈጂውን 3–5 ለአንድ እንቅስቃሴ ብቻ ሰጥቶ፣ ለሌሎቹ መካከለኛውን መረጠ። ወጣቱ በአንድ በኩል ጠንካራ መሆንን ይማራል፤ በሌላ በኩል ሰዓት ሳይፈጅ ጡንቻ ይሠራል።

ሁሉም የሚያውቀው «3 ዙር በ10» ከየት መጣ? ከሆስፒታል ነው። ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን እግር በከባድ ክብደት ማከም ጀመረ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። መጀመሪያ ከ7 እስከ 10 ዙር ያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ወደ 3 ዙር አወረደው፤ አንደኛው 10 ጊዜ ሊነሳ በሚችለው ክብደት ግማሽ፣ ሁለተኛው በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛው በሙሉው። በዛሬው ግድግዳ ላይ የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ደረጃ በደረጃ የሚወጣው አሠራር ተረስቷል። ክብደቱ የማይቀየርበት ግቢም ቢሆን ይህን መመለስ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ዙር በቀርከሃ ዱላ፣ ሁለተኛው በግማሽ ጀሪካን፣ ሦስተኛው በብረቱ። ቀርከሃ ደግሞ በዚህ ክልል አይቸግርም።

«ዕረፍት 3 ደቂቃ» የሚለውም ለጌጥ አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት 3 ደቂቃ እያረፉ የሠሩት 1 ደቂቃ ብቻ ካረፉት ይልቅ በጥንካሬም በጡንቻም በልጠዋል። በአንድ ብረት አራት ሰው በሚሠለጥንበት ግቢ ደግሞ ይህ ዕረፍት ያለ ሰዓት ይገኛል። አንዱ ዙሩን ለመጨረስና ብረቱን ለማቀበል አንድ ደቂቃ ቢፈጅበት፣ ሦስቱ ሲሠሩ እሱ ልክ 3 ደቂቃ አረፈ። ተራ መጠበቅ የዕቃ እጥረት ይመስላል፤ በሰሌዳው ውስጥ ግን ራሱ የሥልጠናው አካል ሆኗል።

የዙሩን ብዛትም በሳምንት እንደምረው። ለጀርባ በቀን 3 ዙር፣ በሳምንት 9 ነው፤ ለጭንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን አጠቃልሎ የወጣ ትንታኔ ለአንድ ጡንቻ በሳምንት 10 እና ከዚያ በላይ ዙር የሠሩ ሰዎች ከ5 በታች ከሠሩት ይልቅ ጡንቻቸው ይበልጥ እንዳደገ አሳይቷል። ሠሪው ጀማሪውን 9 ላይ አስጀመረው፤ ከዚያ አንድ ዙር በመጨመር ብቻ 10 ይገባል። ከስልክ ላይ የተቀዳ የታዋቂ ስፖርተኛ ሰሌዳ በመጀመሪያው ቀን ለደረት ብቻ 20 ዙር ያዝዛል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሲጨመር የሚጨመርበት ቦታ አይተውም። መጀመሪያውኑ ሁሉን የሰጠ ሰሌዳ ነገ የሚሰጠው የለውም።

«ሁለት ሲቀር ማቆም» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ጥንቃቄና ዕውቀት አንድ ላይ የተጻፉበት ነው። ጡንቻ ለማደግ ወደ ድካሙ ጫፍ መቅረብ አለበት፤ በየዙሩ ጫፉን መርገጥ ግን የሚቀጥሉትን ዙሮች ያበላሻል። በሲሚንቶ ብረት ሥር ብቻውን ተንጋሎ የሚሠራ ሰው ላይ ደግሞ አደጋ ነው፤ ብረቱን የሚቀበል መደገፊያ የለምና። ደረትን በፑሽ አፕ እንዲሠራ ያደረገው ሰሌዳ ይህን አደጋ ከሥሩ አስወግዶታል።

የመጨረሻው መስመር ብዙዎች የማይጽፉት ነው፦ «በጾም ወራት ዙሩን ወደ 1 ማውረድ፣ ክብደቱን አለመንካት»። በአሶሳ ብዙ ወጣት ረመዳንን ይጾማል፤ ሌላው ዐቢይ ጾምን። ረጅሙ ክረምት ሲገባ ደግሞ የእርሻ ሥራ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለ16 ሳምንት የሠለጠኑ ወጣቶች ከዚያ በኋላ የሥራቸውን አንድ ዘጠነኛ ብቻ እየሠሩ እንኳ ያገኙትን ጡንቻ ጠብቀው እንደቆዩ አሳይቷል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑት ግን ይህ አልበቃቸውም፤ ለአባቶች ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ይህ መስመር ያለበት ሰሌዳ የተጻፈው ለሰው ነው፤ ሰውየው የሚጾምበት፣ የሚያርስበት፣ የሚደክምበት ቀን እንዳለው አስቦ የተጻፈ ነው። ምግቡም ከደጅ አይርቅም፤ ኦቾሎኒና አኩሪ አተር በክልሉ ይመረታሉ፤ ሥጋና እንቁላል በማይበላበት ጊዜ ጡንቻ የሚሠራበትን ፕሮቲን ያቀርባሉ።

ለዚህ ሙያ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የለም፤ የሠሪው ስምም ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። ቢሆንም ሥራው ሊመዘን ይችላል። ከሰሌዳው ላይ ማንኛውንም ቁጥር ጠቁሞ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ሁሉም እንዲህ ስለሚሠራ» የሚል መልስ የሚሰጥ ሰው ሰሌዳውን ገልብጦታል። «ብረታችን 30 ኪሎ ስለሆነ፣ አራት ሆነን ስለምንሠራ፣ ቀጣዩ ብረት 40 ስለሆነ» የሚል መልስ የሚሰጠው ግን ሰሌዳውን ሠርቶታል። እንዲህ ያለው ሰው በግቢው ያለውን ጥቂት ዕቃ አውቆ፣ የሚሠለጥነውን ሰው አውቆ፣ ሁለቱን በቁጥር አገናኝቷል። ከውጭ የመጣ ውድ ብረት ይህን ዕውቀት አይተካውም፤ ዕውቀቱ ያለበት ግቢ ግን በሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ጠንካራ ሰው ያወጣል።